ነቀዝ፣ የከሰል ክምርና ቂያስ፦ የዲዛይን ቡድን ሐሳብ ሲነጥፍበት



የዲዛይን ፕሮጀክት የደረሰው ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አምስት ስድስት ሆነን ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። አንዱ ላፕቶፕ ይከፍታል፣ ሌላው «በሉ ሐሳብ አምጡ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዱ ያለፈው ዓመት ተማሪዎች የሠሩትን ያስታውሳል፣ «እሱን ትንሽ ቀየር አድርገን እንሥራው» እንባባላለን፣ መግሪብ ይደርስና እንበተናለን። እኛም ሁለት ሳምንት እንዲሁ ባክነናል። ከዚያ ያወጣን ማመሳሰል ነው፦ የቸገረንን ነገር ፈጽሞ ከሌላ ቦታ ከመጣ ነገር ጎን አስቀምጦ ማየት። ስም ያለው፣ የተጠና ዘዴ ነው። መድረሳ ቁጭ ብሎ ለቀራ ሰው ደግሞ ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

የኛ ችግር በቆሎ ነበር። ከቡድናችን አንዱ የሽንዲ ልጅ ነው። ለማታውቋት፣ ሽንዲ በምዕራብ ጎጃም የወንበርማ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከፍኖተ ሰላም ስትመጡ ቡሬ ላይ ትታጠፋላችሁ። አገሩ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። በሴሚስተር እረፍት እነሱ ቤት ሦስት ቀን ሰነበትን። እናቱ ከአምስታችን ሦስታችን ሙስሊሞች መሆናችንን ከልጃቸው ሰምተው ኖሮ ሦስቱንም ቀን ሽሮና ጎመን አቀረቡልን፤ «በሥጋ እንዳትቸገሩ ብዬ ነው ልጆቼ» አሉን። አላህ ይስጣቸው፣ ያን የመሰለ ሽሮ ካፌያችን አይቶ አያውቅም።

ገበሬው በቆሎውን የሚሰበስበው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው የሚረክሰውም ያኔ ነው። ክረምት ሲገባ ይወደዳል፤ እስከ ክረምት ማቆየት ግን ነቀዝ አይፈቅድም። ግንቦት ላይ ጎታው ሲከፈት ፍሬው ተበስቶ ዱቄቱ ይረግፋል። ያለው ምርጫ ወይ በርካሽ መሸጥ ወይ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ፎስቶክሲን የሚሉት ክኒን ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ይለቃል፤ ነቀዝን የሚገድለው ጋዝ ሰውንም ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ጨርሶ መቀመጥ የሌለበት ነገር ነው። በዚያ ቤት ጎታው የቆመው የጓደኛችን ታናናሾች ከሚተኙበት መደብ አጠገብ ነው። «ምን ላድርግ ልጆቼ፤ ካልጨመርኩ ይበላዋል፣ ከጨመርኩ ደግሞ ሌሊቱን ስሰማ አድራለሁ» አሉን እናቱ። ምን እንደሚሰሙ አልጠየቅናቸውም። የልጆቹን ትንፋሽ ነው።

ግቢ ተመልሰን የመጀመሪያውን ዲዛይን ሠራን፦ እግሮቹ ረጃጅም የሆኑ፣ በየእግሩ ላይ የቆርቆሮ ቆብ የተደፋበት፣ ግድግዳው በደቃቅ ወንፊት የተሸፈነ ጎተራ። የቆርቆሮው ቆብ የታወቀ ዘዴ ነው፤ አይጥ ሽቅብ ስትወጣ ይመልሳታል። ሥዕሉ ያምር ነበር። ሳይታወቀን ግን አንድ ማመሳሰል ውስጥ ገብተናል። ነቀዝን እንደ አይጥ፣ ማለትም ከውጭ እንደሚመጣ ሌባ ቆጥረነዋል።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ማመሳሰልን ሆን ብለን ባንጠቀምበትም እሱ ይጠቀምብናል። አእምሮ አዲስ ነገር ሲገጥመው ከሚያውቀው አንዱን አንሥቶ ይለጥፍበታል፤ የሚያነሣውም ብዙ ጊዜ ቅርብ ያገኘውን ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ጎርደን ሲነክቲክስ ያለውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1961 በመጽሐፍ ያወጣው ይህን ልማድ በቡድን ለመስበር ነው። ሐሳቡ ባጭሩ፣ የለመድነውን ነገር እንግዳ አድርገን እንየው፣ እንግዳውን ደግሞ የለመድነው እናድርገው ነው። ለዚህም አራት ዓይነት ማመሳሰል ያቀርባል። አንደኛው ቀጥተኛው ነው፤ ተመሳሳይ ችግር በተፈጥሮ ወይም በሌላ ሙያ የት ተፈትቷል ብሎ መጠየቅ። ሁለተኛው ራስን መተካት ነው፤ ራሱን ዕቃውን ወይም ነፍሳቱን ሆኖ ማሰብ። ሦስተኛው ምልክታዊው፣ ችግሩን እርስ በርሳቸው በሚጋጩ ሁለት ቃላት መጭመቅ ነው (ይህ ለኛ አልሆነልንም፤ ግጥም የሚችል ሰው ቡድናችን ውስጥ አልነበረም)። አራተኛው ምኞታዊው ነው፤ የፊዚክስን ሕግ ለጊዜው ረስቶ «እንዲያው ቢሆንልኝ ምን ይሆን ነበር?» ማለት።

የቀጥተኛው ታዋቂ ምሳሌ ማርክ ብሩኔል ነው። የመርከብ እንጨት የሚበላ ትል አለ፤ ጭንቅላቱ ላይ ባለው ቅርፊት እንጨቱን እየፈለፈለ ይሄዳል፣ ከኋላው ያለውን መንገድ ደግሞ ከሰውነቱ በሚያወጣው ጠንካራ ነገር እየለሰነ ያጸናዋል። ብሩኔል ከዚህ ተነሥቶ ፊት ለፊት ሠራተኞች እየቆፈሩ፣ ከኋላ ግንበኞች ወዲያው በጡብ እየደገፉ የሚጓዝ የብረት ጋሻ አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1818 የፈጠራ መብት አወጣበት። ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ሥር የሚያልፈው ዋሻ በዚህ ዘዴ በ1825 ተጀምሮ በ1843 ተከፈተ። በአገራችንም አርቱሮ ቪቶሪ የተባለ ጣሊያናዊ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ2015 ዶርዜ ላይ ከጤዛና ከጉም ውሃ የሚሰበስብ የቀርከሃ ማማ አቁሟል፤ ስሙንም ከዋርካ ወስዶለታል። ሰው ጥላው ሥር የሚሰበሰብበት ዛፍ፣ ውሃ የሚሰጥ ዛፍ ሆነ ማለት ነው።

ወደ ነቀዛችን እንመለስ። ሁለተኛውን ማመሳሰል ስንሞክር ሳቅንበት። ከመካከላችን አንዲት እህት «እሺ፣ እኔ ነቀዝ ነኝ» ብላ ጀመረች። ከዚያ በፊት ስለ ነቀዝ አንብባ ስለነበር ጨዋታው ቀልድ ብቻ ሆኖ አልቀረም። «እኔ እንስቷ ነኝ። ፍሬውን እበሳለሁ፣ እንቁላሌን ውስጡ አስቀምጣለሁ፣ ቀዳዳውን እደፍናለሁ። ልጄ ፍሬው ውስጥ ታድጋለች። ሙቀት ካገኘች አምስት ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ይህን ሁሉ የምጀምረው በቆሎው ገና ማሳ ላይ ሳለ ነው። እናንተ ጎተራውን በወንፊት ስትሸፍኑ እኔ ገብቻለሁ። እንዲያውም አመሰግናለሁ፤ ጠላት እንዳይገባብኝ ዘጋችሁልኝ።»

የሁለት ሳምንት ሥዕላችን በአምስት ደቂቃ ፈረሰ።

መድረሳ የቀራን ሰዎች የተያየነው ያኔ ነው። ኡሱሉል ፊቅህ ላይ ቂያስ የሚባለውን የጀመረ ያስታውሰዋል። አራት ማዕዘን አለው፦ አስል፣ ማለትም ሁክሙ የታወቀለት መሠረት፤ ፈርእ፣ ሁክሙ የሚፈለግለት አዲስ ጉዳይ፤ ሁክሙ ራሱ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ምክንያት ደግሞ ዒላ። ኡስታዞች ሁልጊዜ የሚያመጡት ምሳሌ የኸምር ነው። የወይን ጠጅ ሐራም የሆነው ቀይ ስለሆነ ወይም ከወይን ስለተሠራ አይደለም፤ ስለሚያሰክር ነው። ስለዚህ ከእህልም ይሠራ ከማር፣ የሚያሰክረው ሁሉ ወደዚያው ይገባል፤ ቀይ የሆነው የሮማን ጭማቂ ግን አይገባም። በቀለም የሚያመሳስል ተሳስቷል፣ በዒላ የሚያመሳስል አግኝቷል። ሁለቱ ነገሮች ዋናው ነጥብ ላይ ከተለያዩ ደግሞ «ቂያስ መዐል ፋሪቅ» ይባላል፤ ልዩነት እያለ የተደረገ ቂያስ ነው፣ ውድቅ ይሆናል።

የነቀዝና የአይጥ ማመሳሰላችን ይኸው ነበር። ሁለቱም እህል ይበላሉ፣ ሁለቱም ጎተራ ውስጥ ይገኛሉ፤ ይህ ቀለሙ ነው። የቆርቆሮ ቆብ የሚሠራበት ዒላ ግን «ጠላት ከውጭ በእግሩ መውጣቱ» ነው፤ ነቀዝ ላይ ያ የለም። (ቂያስ ሁክም ለማውጣት የራሱ ከባድ ሸርጦች ያሉት የዑለማ ሥራ ነው፤ የኢንጂነር ማመሳሰል የሚሰጠው ግን ግምት ብቻ ነው፣ በሙከራ የሚረጋገጥ ወይም የሚወድቅ። ሁለቱን ያመሳሰልነውም አጥንታቸው ስለሚመሳሰል እንጂ ክብደታቸው እኩል ስለሆነ አይደለም። ኢማም ሻፊዒ «አር-ሪሳላ» ላይ የደከሙበትን ነገር ለበቆሎ አወረድነው እንዳትሉን።)

ከዚያ በኋላ ስብሰባችን መልኩ ተለወጠ። አንድ ሐሳብ ሲመጣ «ያምራል» ወይም «አይሆንም» ማለት ትተን «ዒላው ምንድን ነው?» መባባል ጀመርን። የሽንዲው ልጅ እናቱ የነገሩንን አስታወሰን፤ ድሮ ጥቂት እህል በደህና ማቆየት ሲፈለግ ከጤፍ ጋር ይደባለቅ ነበር፣ ጤፍ አይነቅዝምና። እኛ ያን ጊዜ እንደ ተረት ሰምተን አልፈነው ነበር። አሁን የሲቪል ተማሪው ቀና አለ፦ «ይኼማ ኮንክሪት ነው!» ጠጠር ብቻውን ሲከመር በመካከሉ ክፍተት ይቀራል፤ አሸዋ ያን ክፍተት ይሞላዋል። የተፈለፈለ በቆሎ ሲከመርም ከመቶ አርባ ገደማ የሚሆነው ቦታ አየር ነው። ጤፍ አሸዋ ሆኖ ይሞላዋል፤ ነቀዝ መንቀሳቀሻም መተንፈሻም ያጣል። ለሠላሳ ኩንታል በቆሎ ጤፍ ከየት ይመጣል? አይመጣም፣ ዋጋውም አይታሰብም። ግን ዒላው ወጣ፦ ጠላታችን እህሉ መካከል ባለው አየር ላይ ይኖራል።

አየሩን እንዴት እናውጣ? ፓምፕ ያለ ሰው ነበር፤ መብራት በሌለበት ቀበሌ ፓምፕ! ምኞታዊውን ጥያቄ ያነሣነው እዚህ ነው። ምን ቢሆንልን እንወዳለን? አንዱ «ነቀዙ ራሱን ቢገድልልን» አለ። ሳቅን። የሳቁ መጨረሻ ላይ ግን ሌላው «ራሱን የሚገድል ነገር ምን እናውቃለን?» አለና መልሱ ካደግንበት አገር መጣ። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ በፋግታ ለኮማ በኩል ያለውን የዲከረንስ ዛፍ አይታችኋል፤ ገበሬው ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከሰል ያከስለዋል። እንጨቱ ተከምሮ ሣርና አፈር ይለብሳል፣ እሳት ይለኮስበታል፣ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይተዉለታል። ሲበቃው ቀዳዳው ሁሉ በአፈር ይደፈናል። ማንም ውሃ አይደፋበትም። እሳቱ ውስጥ የቀረችውን አየር ራሱ ይጨርስና ራሱ ይሞታል።

ነቀዝም ይተነፍሳል። ዙሪያውን ከዘጋንበት ኦክስጅኑን ራሱ ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ደስታችን ብዙ አልቆየም፤ ቤተ መጻሕፍት ስንገባ ሌሎች ቀድመውን አገኘናቸው። ሐረርጌ ገበሬው ማሽላውን ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አፉን ደፍኖ ሲያስቀምጥ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢትም አለ፤ ውስጡ ሁለት የፕላስቲክ ሽፋን፣ ውጩ የተለመደው ማዳበሪያ ነው። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ያወጡት ነው፤ ዛሬ አገራችንም ይሸጣል። መጀመሪያ ተከፋን። በኋላ ግን በአምስት ተማሪ ጭንቅላት የተሠራ ማመሳሰል ከእውነተኛ መፍትሔ ደጃፍ ካደረሰን ዘዴው ይሠራል ማለት ነው አልን። የፕሮጀክታችንም ጥያቄ ተለወጠ፦ ይህን መርሕ ገበሬው ቤት ውስጥ ባለው ዕቃ፣ ለዘር የሚሆነውን በቆሎ ለማዳን እንዴት እናውለው?

የዘይት ጀሪካን መረጥን። ከዚያ ደግሞ ማመሳሰሉ የሚሰበርበትን ቦታ ፈለግን፤ ይህን ደረጃ እባካችሁ አትዝለሉት። የከሰል ክምርና ጀሪካን የት ይለያያሉ? ከእንጨቱ የሚወጣው እርጥበት በጭሱ ይወጣል፤ ከጀሪካን ግን አይወጣም። ስለዚህ ያልደረቀ በቆሎ ብንዘጋበት ነቀዙ ቢሞትም ሻጋታ ይወርሰዋል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመጣል። ገበሬው ቤት የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ የለም። ያገኘነው ቀላል ዘዴ የጨው ሙከራ ነው፦ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ትንጣላችሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፣ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

የመጀመሪያው ሙከራችን ከሸፈ። ክዳኑ ጥሩ የተዘጋ መስሎን ነበር፤ ስንከፍተው ነቀዙ እንደ ልቡ ይሄዳል። ሁለተኛውን ክዳኑ ሥር የጎማ ቀለበት አድርገን፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተን (ባዶ ቦታ ማለት ለነቀዝ ስንቅ ነው)፣ ከዚያው ማዳበሪያ የተቀዳ በቆሎ በሌላ ጀሪካን አፉን በጨርቅ ብቻ ሸፍነን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ስድስት ሳምንት። በጨርቅ የተሸፈነው ሥሩ ዱቄት ሆኗል። የተዘጋው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አላየንም። አልሐምዱሊላህ። ዶርም ውስጥ ነቀዝ ስላራባን የተቆጡንን የክፍል ጓደኞቻችንን አፉ እንዲሉን በዚሁ እንጠይቃለን።

አሁን ዘዴውን ለመሞከር ለምትፈልጉ፣ እኛን ስላስቸገረን አንድ ነገር እንንገራችሁ። ምሳሌ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሜሪ ጊክና ኪት ሆልዮክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን የሚያሳይ ጥናት አሳትመዋል። ለተማሪዎች አንድ እንቆቅልሽ ሰጡ፦ ሆዱ ውስጥ ዕጢ ያለበት በሽተኛ አለ፤ ጨረሩ ጠንካራ ከሆነ ዕጢውን ይገድላል፣ ግን የሚያልፍበትን ጤነኛ ሥጋም ያቃጥላል። ምን ይደረግ? ያለ እርዳታ የሚመልሰው ከአሥር አንዱ ገደማ ነው። ሌሎቹን ቀድመው አንድ ታሪክ አስነበቧቸው፤ ወደ ምሽግ የሚወስዱ መንገዶች በፈንጂ ስለታጠሩ ሠራዊቱን በታትኖ በሁሉም መንገድ በጥቂት በጥቂቱ ልኮ በአንድ ጊዜ ምሽጉ ላይ ያገናኘ የጦር መሪ ታሪክ ነው። መልሱ ያው ነው፦ ደካማ ጨረሮችን ከየአቅጣጫው ልኮ ዕጢው ላይ ማገናኘት። ታሪኩን ያነበቡት ግን አብዛኞቹ አልተጠቀሙበትም፤ «ያነበባችሁት ታሪክ ይረዳችሁ ይሆናል» ሲባሉ ነው ብዙዎቹ የመለሱት። መልሱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር፣ የጠየቃቸው ሰው ነው የጠፋው። እኛም የከሰል ክምር ሲጨስ እያየን አድገን አንድም ቀን ከበቆሎ ጋር አላገናኘነውም።

ቡድን የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ግን የተለያየ ሰው ያለበት ቡድን። በአምስተኛው ዓመተ ሂጅራ የአሕዛብ ጦር ወደ መዲና ሲመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሃባዎችን አማከሩ። መፍትሔውን ያመጣው ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ነው። እሱ የተወለደበት ፋርስ ከተማ ሲከበብ ኸንደቅ ይቆፈራል፤ ዐረቦች ይህን አያውቁትም ነበር። ዒላውን ተመልከቱ፦ ፈረሰኛን ማገድ። መዲና በሌሎቹ ጎኖች በእሳተ ገሞራ ድንጋይና በተምር አትክልት የታጠረች ስለነበረች በዋናነት ሰሜኑ ብቻ ነው ክፍት የነበረው፤ ስለዚህ የፋርሱ ነገር እዚያ ሊሠራ ቻለ። ሐሳቡ ከሌላ አገር ከመጣ ሰው ተገኘ፣ ተደመጠ፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው አብረው ቆፈሩ። የኛ ቡድን ስብሰባ ላይ ቢሆን ኖሮ ሰልማንን «ቆይ አንተ፣ እዚህ እንደዚያ አይሠራም» ብለን እንዳቋረጥነው እርግጠኞች ነን።

ለዚህ ነው አንድ ደንብ ያወጣነው፦ ማመሳሰል ሲቀርብ ለአሥር ደቂቃ ማንም አያፈርስም፣ ዒላ ብቻ ይፈለጋል፤ ማፍረስ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ያኔ ግን ያለ ርኅራኄ። ችግሩንም መጀመሪያ ዕቃ ሳንጠራ እንጽፈዋለን። «የተሻለ ጎተራ እንሥራ» ብንል ጎተራ ብቻ ነው የሚታየን፤ «የሚተነፍሰውን ከማይተነፍሰው እንለይ» ስንል የከሰል ክምርም ኮንክሪትም ይገባል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከሐሳብ ድርቀት ስንሠቃይ አንዱ በሱረቱል ማኢዳ የተነገረውን ቁራ አስታወሰን፤ ከአደም ልጆች አንዱ የወንድሙን ሬሳ እንዴት እንደሚቀብር ያየው መሬት ከሚጭር ቁራ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንነጥፍ «ቁራ ፈልጉ» እንባባላለን፤ ተነሥተን ወደ ውጭ እንወጣለን ማለት ነው።

ፕሮጀክታችን በዚህ አላለቀም። ጀሪካኑን ወደ ሽንዲ ስንወስድ የጓደኛችን እናት አገላብጠው አዩትና «አይጥ ቢበሳውስ?» አሉን። አይጥ! ያን ሁሉ ጊዜ ያባረርናት አይጥ ተመልሳ መጣች፤ ፕላስቲክ ትበሳለች። ስለዚህ ከአሮጌው ዲዛይን የቆርቆሮ ቆቦቹን አውጥተን፣ ባለ አራት እግር ቆጥ ሠርተን ጀሪካኖቹን እላዩ ላይ አስቀመጥናቸው። የዘሩ በቆሎ በሦስት ጀሪካን ገባ፤ ለእሱ ዘንድሮ ክኒን አልተገዛም። ለምግብና ለገበያ የሚሆነው ግን ገና ነው። ለሱ ከረጢቱ ነው የሚሻለው፣ የከረጢቱ ዋጋ ደግሞ ሌላ ችግር ነው፤ አሁን የያዝነው እሱን ነው።

ቡድናችሁ የነጠፈበት ችግር ካለ ሐሙስ ከአስር ሰላት በኋላ ከመስጂዱ ጎን ባለው ጥላ ሥር እንገኛለን፣ ኢንሻአላህ። የትኛውም ዲፓርትመንት ይሁን፣ ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ። የግብርናና የጤና ተማሪዎችን በተለይ እንፈልጋለን፤ እኛ የምናውቀው ኮንክሪትና ከሰል ብቻ ነው።